ስለ ቤት አያያዝ፤ ውርጭ ሳይመጣ የቧንቧን ውኃ ስለ ማፍሰስ

በአገራችን ክረምት ስንል የዝናቡንና የጭቃውን ወራት ማለታችን ነው። መስከረም ሲጠባም ደመናው ተገፎ፣ አደይ አበባ ፈንድቶ፣ ሰው ሁሉ ከዚህ በኋላ ብርሃን ነው ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ልጆቻቸው ወይም ዘመዶቻቸው በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች እንደሚያውቁት፣ በዚያ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እኛ መስከረምን ስንሸኝ እነርሱ የብርዱን ወራት ይቀበላሉ፤ እኛ በኅዳርና በታኅሣሥ እህላችንን ስንሰበስብ እነርሱ ከደጃቸው በረዶ በአካፋ ይጠርጋሉ። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ በዚያ በቁሩ አገር ቤት ገዝተው ለሚኖሩ ልጆቻችን የሚጠቅም አንድ የቤት አያያዝ ጉዳይ ነው። ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከብዙ ወጪ፣ ከወጪም ከሚብስ ነገር ያድናል።

የእኅቴ ልጅ ከባልዋና ከሁለት ልጆችዋ ጋራ በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር በዴንቨር ከተማ አቅራቢያ ትኖራለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤት ገዙ። ቤቱ በፊቱና በጓሮው ለምለም ሣር ያለው ሲሆን፣ ሣሩም የሚጠጣው ከመሬት በታች በተቀበሩ ቧንቧዎችና ከሣሩ መካከል ብቅ በሚሉ መርጫዎች ነበር። ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሁለት እጀታ ያለው የነሐስ ዕቃ ቆሞ አዩ፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ገብቶ ብርዱ ሲጠና፣ ባልዋ ትጉህ ሰው ነውና፣ «ይህ ብረት ውጭ አድሮ ይጎዳል» ብሎ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቀለለው፤ በላዩም ላስቲክ አልብሶ በገመድ አሰረው። ውኃውን ግን ከውስጡ አላፈሰሰም። በሚያዝያ ወር ሣሩን ለማጠጣት መክፈቻውን ቢያዞር፣ ውኃው ከዕቃው አናት ወደ ላይ ተወርውሮ የቤቱን ግድግዳ አጠበው። መጠቅለያውን ፈትቶ ቢያይ ከላይ ያለው የፕላስቲክ ክዳን ተሰብሯል፤ የነሐሱም ጎን እንደ ፀጉር በቀጠነ መሥመር ተሰንጥቋል።

በሰፈሩ የሚዞር አንድ ሠራተኛ ተጠርቶ መጣና፣ «አዲሱ ዕቃ ውድ ነው፤ እኔ ይህን ነቅዬ ቧንቧውን ከቧንቧው ጋራ ቀጥ አድርጌ ልግጠምላችሁ፤ ሣሩ ውኃ ካገኘ ምን ቀረው?» አላቸው። ባልዋ የቤቱ ዕዳ ከብዶት ነበርና ልቡ ወደዚያ አዘነበለ። እርስዋ ግን በዚያው ማታ ስልክ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ዕቃው የማይጠቅም ቢሆን ኖሮ ቤቱን የሠሩት ሰዎች ለምን ያቆሙት ነበር? ልጆቼ የሚጠጡት ውኃ ከዚያው መሥመር የሚመጣ ነው፤ እባክዎ የሚያውቅ ሰው ይጠይቁልኝ» አለችኝ። እኔም «ልጄ፣ መልስ እስክሰጥሽ ድረስ ሰውየው እንዳይነካው» ብዬ፣ የውኃ ሥራ ባለሙያ የሆነ ወዳጄን ጠየቅሁ፤ ስለ ነገሩ የተጻፈውንም ፈልጌ አነበብሁ። ያገኘሁትን ለእርስዋ እንደ ነገርኋት ለአንባቢዎቼም እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ይህ ዕቃ በአገሬው አጠራር ባክፍሎው ፕሪቬንተር ይባላል፤ ትርጓሜውም ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ማለት ነው። በከተማ ቧንቧ ውስጥ ያለው ውኃ በግፊት ስለሚሄድ፣ እንደ ወትሮው ከዋናው መሥመር ወደ ቤት እንጂ ከቤት ወደ ዋናው መሥመር አይሄድም። ነገር ግን በአንድ ሰፈር እሳት ተነሥቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብዙ ውኃ የሳቡ እንደ ሆነ፣ ወይም ዋናው ቧንቧ የፈነዳ እንደ ሆነ፣ ግፊቱ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ መሥመሩ ከየቤቱ ወደ ኋላ ይስባል። የሣር መርጫዎች ደግሞ አፋቸው ከአፈር ጋራ የተካከለ ነው፤ በዚያም የእንስሳ ዓይነ ምድር፣ ማዳበሪያና የአረም መግደያ መድኃኒት ይገኛል። ይህ ሁሉ ወደ ኋላ ተስቦ የገባ እንደ ሆነ፣ የሚጠጣው የቤቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ጭምር ነው።

ይህም ሰውን ለማስፈራራት የሚወራ ተረት አይደለም። በ1961 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር በዉስተር ከተማ በሚገኘው በሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የደረሰው ነገር በሐኪሞች ተመርምሮ ተጽፏል። የአሜሪካን እግር ኳስ የሚጫወቱት የኮሌጁ ተማሪዎች በነሐሴ ወር ልምምድ ሲያደርጉ በሜዳው አጠገብ ካለ ቧንቧ ይጠጡ ነበር። ያው መሥመር ሣሩን ለማጠጣት ለተሠሩት መክፈቻዎችም ውኃ የሚሰጥ ነበር፤ መክፈቻዎቹም ከመሬት ዝቅ ባሉ ጉድጓዶች ውስጥ ስለ ነበሩ ውኃ ይቆርባቸው ነበር። በአቅራቢያው የሚኖሩ፣ ጉበትን የሚያሳምመው ሔፓታይቲስ የተባለው በሽታ ያደረባቸው ልጆች በዚያ ሲጫወቱ የቆረው ውኃ ተበከለ። በከተማው እሳት ተነሥቶ ውኃ በብዛት በተሳበ ጊዜ የመሥመሩ ግፊት ወደቀ፤ በጉድጓዱ የነበረውም እድፍ ወደ መጠጡ ውኃ ተሳበ። ከ97 ተጫዋቾችና አሠልጣኞች 90ው በበሽታው ተያዙ፤ ቡድኑም ሁለት ግጥሚያ ብቻ አድርጎ የዓመቱን ጨዋታ ለመተው ተገደደ። በመሥመሩ ላይ መመለስን የሚከለክል ዕቃ በሚገባ ቆሞ ቢሆን ኖሮ እሳቱ ቢነሣም፣ ግፊቱም ቢወድቅ፣ እድፉ ከጉድጓዱ ባልወጣ ነበር።

ለእኅቴ ልጅ ይህን በነገርኋት ጊዜ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «እንግዲያውስ ዕቃው የእኛ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቶቻችንም ነው» አለች። ነገሩን በአንድ ቃል ጠቀለለችው። ባልዋም ይህን ሰምቶ ሠራተኛውን አሰናበተ፤ ፈቃድ ያለውን የቧንቧ ሠራተኛ አስጠርተውም አዲስ ዕቃ አስገጠሙ። ወጪው ጎድቷቸዋል፤ ነገር ግን ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይደርስባቸው የጥፋቱን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

እንዲህ የሚያስፈልግ ዕቃ ለምን ብርድ ላይ ይቆማል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በብዙ ቤቶች የሚገኘው ፕሬዠር ቫኩም ብሬከር የተባለው ዓይነት ነው። በውስጡ አንድ ክዳን አለ፤ ውኃ በግፊት ሲመጣ ክዳኑን ወደ ላይ ገፍቶ የአየሩን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ግፊቱ ሲወድቅ ክዳኑ ይወርድና አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ዘንድ ወደ ኋላ መሳብ ይቀራል። ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ግን ከመርጫዎቹ ሁሉ ከፍ ካለው በላይ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ይኸውም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲቆም ነው። ስለዚህ ከብርድ አድነዋለሁ ብሎ ከመሬት በታች መቅበር አይገባም። ዘበኛ ከደጅ እንደሚያድር፣ ይህም ዕቃ ከደጅ ማደሩ ግዴታው ነው።

ውርጭስ ምን ያደርገዋል? አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ውኃ ግን በረዶ በሚሆንበት ጊዜ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይሰፋል። ጢም ብሎ የተሞላ ጠርሙስ በረዶ ቤት ቢያድር እንደሚፈነዳ ሁሉ፣ በነሐሱ ውስጥ የተዘጋበት ውኃም በረዶ ሲሆን መውጫ ስለሚያጣ አስቀድሞ ለስላሳውን የፕላስቲክ ክዳን ይሰብራል፤ ቀጥሎም ነሐሱን ይሰነጥቃል። ጉዳቱም በዚያው ዕለት አይታወቅም። በረዶው ራሱ ስንጥቁን ደፍኖት ስለሚቆይ፣ ሰው ጥፋቱን የሚያየው ከወራት በኋላ ውኃውን ሲከፍት ነው።

የእኅቴ ልጅም፣ «ታዲያ ባሌ አልብሶት አልነበረም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የሚገባ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው በዚህ ነው። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው በውስጡ እሳት ስላለው አይደለም፤ የሰውየውን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይለት ነው። ዘበኛ ካፖርት ለብሶ ሌሊቱን የሚዘልቀው በሰውነቱ ውስጥ ትኩስ ደም ስላለው ነው፤ ነሐስ ግን ደም የለውም። የተጠቀለለ ነሐስ ካልተጠቀለለው ይልቅ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል እንጂ ከመቀዝቀዝ አይድንም። ስለዚህ ልብስ ድንገት ለሚመጣ የአንድ ሌሊት ውርጭ ይበቃል፤ ለወራት ቁር ግን አይበቃም። ዋናው ደንብ ውኃውን አስቀድሞ ማውጣት ነው፤ ማልበስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ጊዜውን ማወቅ። በዴንቨርም ሆነ በሚኒያፖሊስ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ግን እስከ ጥቅምት ማለቂያና እስከ ኅዳር መጀመሪያ ይዘገያል። በቁሩ አገር ያለ ሰው የመስቀል በዓል ሲያልፍ ይህን ሥራ ቢያስብ ዘገየ አይባልም።

2ኛ፤ ውኃውን ከውስጥ መዝጋት። ወደ ሣሩ የሚሄደው መሥመር ብዙውን ጊዜ በምድር ቤቱ ውስጥ፣ ብርድ በማይደርስበት ስፍራ፣ የራሱ መዝጊያ አለው። እርሱን አጥብቆ መዝጋት፣ ከአጠገቡ ያለችውን ትንሽ የማፍሰሻ ክዳን ፈትቶ ከሥሯ ባልዲ ማኖር ያስፈልጋል። ባልዲውንም ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ማየት መልካም ነው፤ ውኃ ጠብ ማለቱን ያልተወ እንደ ሆነ መዝጊያው ያፈሳል ማለት ነው፤ የሚያፈስ መዝጊያ ደግሞ ባዶ የተደረገውን ቧንቧ ቀስ ብሎ መልሶ ይሞላዋል።

3ኛ፤ ከመሬት በታች ያሉትን ቧንቧዎች በአየር ማስነፋት። ይህ በኮምፕሬሰር የሚሠራ ስለ ሆነ ለሚያውቅ ሰው ቢተው ይሻላል። አየሩ መግባት ያለበት ከነሐሱ ዕቃ ወዲያ ባለው መሥመር ነው፤ በዕቃው ውስጥ አልፎ የሄደ እንደ ሆነ ትኩሱ አየር የውስጡን ፕላስቲክ ያበላሻል። ግፊቱም ለሚተጣጠፈው የፖሊኤቲሊን ቧንቧ በካሬ ኢንች ከ50 ፓውንድ፣ ለጠንካራው የፒቪሲ ቧንቧ ከ80 ፓውንድ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ነው። በዚህ ጊዜ ሕፃናት ከሣሩ ይራቁ፤ የሚሠራውም ሰው የዓይን መከላከያ ያድርግ።

4ኛ፤ ዕቃውን ራሱን ባዶ ማድረግ። በጎኑ ላይ በካቻቢቴ የሚዞሩ ሁለት ትንንሽ የመፈተሻ መክፈቻዎች አሉ፤ ሁለቱንም ሩብ ዙር አዙሮ ከፍቶ መተው ይገባል። ሁለቱን ትልልቅ እጀታዎች ደግሞ ጨርሶ ከመዝጋትና ጨርሶ ከመክፈት ይልቅ በ45 ዲግሪ ሰያፍ አድርጎ ማቆም ነው። ምክንያቱም በእጀታው ሥር መካከሉ የተበሳ የብረት ኳስ አለ፤ እጀታው ፈጽሞ ሲዘጋ በኳሱ ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት ውኃ ታስሮ ይቀራል፤ ያችም ጥቂት ውኃ መዝጊያውን ለመሰንጠቅ ትበቃለች። ሰያፍ ሲሆን ግን የታሰረው ውኃ ይወጣል። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ይህን ነው።

5ኛ፤ ከዚህ በኋላ ማልበስ። ውኃው ከወጣ ዘንድ ብርድ ልብሱም ሆነ ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው ከረጢት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ነገር ግን ከውስጥ የቀረ ጠብታ እንዲወጣ ከታች በኩል ክፍት ይሁን።

6ኛ፤ የአትክልት ማጠጫውን ጎማ መንቀል። በግድግዳው ላይ ያለው ቧንቧ ብርድ እንዳይጎዳው ተብሎ መዝጊያው ወደ ቤቱ ውስጥ ገባ ብሎ የተሠራ ቢሆንም፣ ጎማው ተሰክቶበት የከረመ እንደ ሆነ ውኃው መውጫ አጥቶ ቧንቧው በግድግዳው ውስጥ ይፈነዳል። የሚታወቀውም በጸደይ ቧንቧው ተከፍቶ ምድር ቤቱ በውኃ ሲሞላ ነው።

ሊደረጉ የማይገባቸውንም ላስታውስ። ውኃው እንዳይረጋ ብሎ ለመኪና የሚሆነውን አንቲፍሪዝ በዚህ መሥመር ውስጥ መጨመር ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ መርዝ ነውና። በረዶ የያዘውን ቧንቧም በእሳት ነበልባል አፈታለሁ ማለት ቧንቧውን አቅልጦ ቤቱንም እስከ ማቃጠል ያደርሳል፤ በሞቀ ፎጣ ወይም በፀጉር ማድረቂያ በትዕግሥት ማሟሟቅ ይበቃል።

በጸደይም መቸኮል አይገባም። በኮሎራዶ ውርጭ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ፣ አንዳንድ ዓመትም ከዚያ አልፎ ሊመለስ ይችላልና፣ ግንቦት እስኪገባ መታገሥ ይሻላል። ጊዜው ሲደርስ መፈተሻዎቹንና የማፍሰሻውን ክዳን ዘግቶ፣ ውኃውን በዝግታ መልቀቅ ነው፤ በአንድ ጊዜ የለቀቁት እንደ ሆነ ውኃው ቧንቧውን እንደ መዶሻ ይመታዋል። ከዕቃው አናት ውኃ መፍሰሱን ያልተወ እንደ ሆነ ክዳኑ ተሰብሯል፤ ነሐሱ ደኅና ከሆነ ክዳኑን ብቻ መለወጥ ይቻላል፤ ነሐሱ ከተሰነጠቀ ግን ዕቃው በሙሉ ይለወጣል። በብዙ ከተሞችም ዕቃው በየዓመቱ ፈቃድ ባለው መርማሪ እንዲፈተሽ ሕግ ያዛል፤ የፈተናውን ወረቀት አለመጣል ነው።

ምግብ ቤት ወይም ሌላ ትልቅ ቤት ያላቸው ወገኖቻችን ሌላ ነገር ማሰብ ይገባቸዋል። ውኃው ክረምቱን ሁሉ በሚሠራበት መሥመር ላይ ያለውን ዕቃ ማፍሰስ አይቻልምና፣ ከውጭ የቆመ እንደ ሆነ ማሞቂያ ያለው ቤት ይሠራለታል። ከሥሩ ውኃ የሚያፈስ ቀዳዳ ያለውን ዓይነት ያቆመ ሰው ደግሞ «አፈሰሰብኝ» ብሎ ቀዳዳውን እንዳይደፍነው፤ በዚያ ቀዳዳ መፍሰሱ እድፉ ወደ መጠጡ እንዳይገባ የተሠራለት መንገድ ነው።

እኛም በአገራችን ያለነው ይህ ነገር የሰው ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። በአዲስ አበባ ቧንቧ በውርጭ አይሰነጠቅም፤ ውኃ በፈረቃ ሲመጣና ሲሄድ ግን የመሥመሩ ግፊት ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ልብስ በሚታጠብበት ገንዳ ወይም በእድፋም ባልዲ ውስጥ አፉ ተነክሮ የተተወ ጎማ ያለ እንደ ሆነ፣ ቧንቧው ያንን እድፍ ሊስበው ይችላል። ስለዚህ የጎማ አፍ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ እንጂ ተነክሮ እንዳያድር ለቤት ሠራተኞች መንገር የባለቤትና የእመቤት ፈንታ ነው።

የእኅቴ ልጅ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የመስቀል ማግስት ስትደውልልኝ፣ ከእንኳን አደረሰዎ ቀጥላ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ውኃውን አፈሰስን» ትለኛለች። ባልዋ ካቻቢቴውን ይዞ ውጭ ሲሠራ፣ ትልቁ ልጅዋ በምድር ቤት ባልዲውን ይጠብቃል። አባትየው ልጁን፣ «ይህ ዕቃ የማንን ውኃ ይጠብቃል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁ በመስኮት የሚታየውን የጎረቤታቸውን ቤት አሳየ አሉ።

አንባቢዎቼም በዚያ አገር ልጅ ወይም ዘመድ ካላችሁ ይህን ምክር ሳይመሽ ላኩላቸው። ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንደሚሻል፣ በሚያዝያ የተሰነጠቀ ነሐስ ይዞ ከማዘን በመስከረም አንድ ባልዲ ውኃ ማፍሰስ ይሻላል።